ማይኩ ሲመጣ ሁሉም ዝም

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ከተማ ከገባሁ 6 ዓመት ሆነኝ ግን አሁንም እንግዳ ነኝ የሚለው ስሜት አልለቀቀኝም። ከጓደኞቼ ጋር የሰፈሩ ሰው ታሪኩን የሚያወራበት ምሽት አዘጋጀን፣ ማይክ ስንሰጣቸው ግን ሁሉም ጭጭ። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ወይ ማይክ! እኔም ብሆን ጭጭ ነበር የምለው። «ስለ ማንነትህ ንገረን» ሲባል ሰው ፈተና የተቀመጠ ነው የሚመስለው፣ ይልቅ መጀመሪያ የተከራየበትን ቤት ቁልፍ ወይ አንድ የድሮ ፎቶ ይዞ ይምጣ፣ ቁልፉን እያገላበጠ በሩ እንዴት ያስቸግረው እንደነበር ሲጀምር ሌላው ሳትጠይቁት ይቀጥላል። ማውራት የማይወድም አለ አይደል፣ እሱ ይጻፍ። አርቲስት ካንዲ ቻንግ በ2011 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ የአንድ ባዶ ቤት ግድግዳ እንደ ጥቁር ሰሌዳ ቀባችና ሰው ከመሞቱ በፊት ምን ማድረግ እንደሚፈልግ የሚሞላበት ክፍት ቦታ ደርድራ ጠመኔ አስቀመጠች፣ በቃ፣ አላፊ አግዳሚው ራሱ ሞላው።

ሰዓሊዋ ጁዲ ባካ ደግሞ ሎስ አንጀለስ ላይ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ400 በላይ ወጣቶች ይዛ 800 ሜትር ገደማ በሚረዝም ግድግዳ ላይ የተዘነጉ ማህበረሰቦችን ታሪክ አሳለች። እኔን የሚገርመኝ ርዝመቱ አይደለም፣ ብሩሹን የያዙት የከተማው ልጆች መሆናቸው ነው፣ የሳሉት ግድግዳ ጋ ሲደርሱ እንግዳ ነኝ ማለት ይከብዳል መቼም።

አንድ ነገር ግን፣ ቪዲዮ ከመልቀቃችሁ በፊት ባለታሪኩን አስፈቅዱ፣ ለ20 ጎረቤት ያወራውን ለዓለም ሁሉ አላወራም።