«ማሚ፣ እግዚአብሔር መቼ ነው የሚተኛው?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ወንዱ 5 ዓመቱ ነው፣ ሴቷ 2 ዓመት ሊሞላት ነው። የምንኖረው ከባለቤቴ እናት ጋር ነው። ልጆቼ ሃይማኖታቸውን እያወቁ እንዲያድጉ እፈልጋለሁ፣ ግን ከየት እንደምጀምር ግራ ገብቶኛል። ትልቁን ቅዳሴ ስወስደው ግማሽ ሰዓት እንኳ አይቆምልኝም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ላስተኛው ስል «ማሚ፣ እግዚአብሔር መቼ ነው የሚተኛው?» አለኝ። ለምን ስለው፣ አያቱ «ስታጠፋ ያይሃል፣ እሱ አይተኛም፣ እሳት ውስጥ ይከትሃል» ብለውት ኖሯል። ከዚያ ወዲህ መብራት ሲጠፋ ያለቅሳል። አማቴን ምን ልበላቸው? እሳቸው እኮ ከልባቸው ነው የሚያስተምሩት።
የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የመጀመሪያ ልጄ ትንሽ ሳለች ምግቧን እንድትጨርስ «ማርያም ትቆጣሻለች» እላት ነበር። ሳህኑ ባዶ ይሆናል፣ እኔም ደስ ይለኛል። አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ገብተን ሥዕሏ ፊት ስንደርስ ልጄ ቀሚሴ ሥር ተደበቀች። እናቴ ብላ እንድትጠራት የምፈልጋትን እመቤታችንን እኔው ራሴ አያ ጅቦ አድርጌባት ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ከማታው እንጀምር። አያቱ ከነገሩት ውስጥ አንዱ እውነት ነው፤ እግዚአብሔር አይተኛም። መዝሙረ ዳዊትም «እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም አያንቀላፋምም» ይላል። «የሚጠብቅ» የምትለዋን ልብ በያት። ዛሬ ማታ አጠገቡ ተቀመጪና «አዎ የኔ ጌታ፣ አይተኛም። አንተ እንድትተኛ ነው እሱ የማይተኛው። እኔንም አባትህንም እንቅልፍ ሲወስደን እሱ ነቅቶ ይጠብቅሃል» በይው። ከዚያ በስመ አብ ብለሽ አማትቢው፣ እጁን ይዘሽ እሱም ያማትብ። መብራቱን ለጥቂት ቀን አታጥፊበት። እንዲህ ያለ ፍርሃት በአንድ ምሽት አይወጣም።

ስለ ፍርድ አይማር ማለቴ አይደለም፣ ጊዜ አለው። የ5 ዓመት ልጅ ስለ ንስሐ ስትነግሪው ገና አይገባውም፣ እሳቱን ብቻ ነው የሚሰማው። ይልቅ ስለ እሳት ከሰማ አይቀር እቶን እሳት ውስጥ ተጥለው ያልተቃጠሉትን የሠለስቱ ደቂቅን ታሪክ ንገሪው። ወይም ሐምሌ 19 ቀን የምናስበውን የሕፃኑን የቂርቆስን፤ የ3 ዓመት ልጅ ሆኖ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር በፈላ ውኃ ውስጥ ሲጣል ቅዱስ ገብርኤል እንዴት እንዳዳናቸው። እሳት ውስጥ ይከትሃል የተባለ ልጅ እግዚአብሔር ከእሳት እንደሚያወጣ ይስማ። ለመኝታ ሰዓት ደግሞ የሳሙኤል ታሪክ አለልሽ። እግዚአብሔር ሌሊት ተኝቶ የነበረን ብላቴና በስሙ ነው የጠራው፣ አልተቆጣውም።

ከየት ልጀምር ላልሽው፣ ዘዳግም 6፥7ን ክፈቺ። «ለልጆችህም አስተምረው፥ በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ፥ ስትተኛም፥ ስትነሣም ተጫወተው» ነው የሚለው። ተጫወተው! እኔ ይቺን ቃል በጣም ነው የምወዳት። ቡና ላይ እንደምንጫወተው ማለት እኮ ነው። ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ ቤተ ክርስቲያን ስታልፉ ትሳለሚያለሽ፣ ለምን ሲልሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ትነግሪዋለሽ፣ በቃ። ዳቦ ቆርሰሽ ስትሰጪው መጀመሪያ «ተመስገን» እንበል ትይዋለሽ፣ ጎረቤት ሲታመም ስሙን ጠርታችሁ አብራችሁ ትጸልያላችሁ፣ አንድ ቀን ሳታስቢው እሱ ራሱ «ማሚ ለእሳቸው አልጸለይንም» ይልሻል። አቡነ ዘበሰማያትን በቃል ለማስያዝ አትቸኩዪ። በየቀኑ ከሰማው ይይዘዋል። ጾሙም ቢሆን እኛ ዘንድ የተለመደው ከ7 ዓመት ጀምሮ ነው፣ አሁን አታስጨንቂው።

ቅዳሴውን በተመለከተ፣ ግማሽ ሰዓት ለእሱ ብዙ ነው። ከኋላ አታቁሚው፣ የትልልቅ ሰው ጀርባ ብቻ እያየ ምን ያድርግ? ማየት የሚችልበት ቦታ ፈልጊለት። ጧፉን እሱ ይያዝ። «ካህኑ ሲያጥኑ ንገረኝ» ብለሽ የሚጠብቀው አንድ ነገር ስጪው። ሲሰለቸው ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር አሳርፊውና ተመለሱ። ሰው ቢገላምጥሽ ቅር አይበልሽ። ጌታችን ራሱ «ሕፃናት ወደ እኔ ይመጡ ዘንድ ተዉ» ብሏል። ልጅሽ በ40 ቀኑ፣ እህቱም በ80 ቀኗ ክርስትና ተነሥተው ከሆነ የዚያኑ ዕለት ቆርበዋል። ቤተ ክርስቲያን ቤታቸው ናት፣ በእንግድነት አልመጡም። አሁንም ማቁረብ ስትፈልጊ የንስሐ አባታችሁን አማክሪ። ፍልሰታ ሲመጣ የሰፈሩ ሕፃናት በነጭ በነጭ ለብሰው ሲሄዱ ስታይ ልጅሽን ከእነሱ ጋር ቀላቅይው፣ ልጅ ከልጅ ጋር ሲሆን መቆሙም ይቀለዋል።

አማትሽን ልጁ ፊት እንዳታርሚያቸው። እሳቸውም ልጅ ሆነው እንደዚያው ተብለው ይሆናል ያደጉት። ቡና ላይ፣ ብቻችሁን ስትሆኑ «እማማ፣ ልጁ ማታ ማታ እግዚአብሔርን ፈርቶ እያለቀሰ ነው፣ እባክዎ ያግዙኝ» በያቸው። ሌላ ነገር አትጨምሪ። የልጅ ልጃቸው ማልቀሱን ሲሰሙ ምን እንደሚሰማቸው አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። ጳውሎስ የጢሞቴዎስን እምነት ሲያወሳ መጀመሪያ የጠራው አያቱን ሎይድን ነው፣ እናቱን ኤውንቄን ከእሷ ቀጥሎ። ስለዚህ አያትየውን አታርቂያቸው። በሳምንት አንድ ሁለት ማታ ልጁን እሳቸው ያስተኙት፤ ይዳብሱት፣ ያማትቡት፣ እግዚአብሔር በሕይወታቸው ያደረገላቸውን አንድ ነገር ያጫውቱት።