ኮርስ ወደቅኩ፤ አሁንስ ምን ይሻለኛል?

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚጠይቁት ስለ አንድ ነገር ነው፦ ስለወደቀ ኮርስ። አራቱን መርጠን እዚህ መልሰናል። የጠያቂዎቹን ማንነት የሚያጋልጥ ነገር አውጥተናል።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ነኝ። ባለፈው ሴሚስተር ሁለት ኤፍ አገኘሁ። አንዱ ባለ 4 ክሬዲት ካልኩለስ ነው፣ ሌላው ባለ 3 ክሬዲት። የቀሩትን 9 ክሬዲቶች በሲ አለፍኳቸው። የመጀመሪያውን ዓመት በ30 ክሬዲት 2.6 ይዤ ነበር የጨረስኩት፤ የዚህ ሴሚስተር ውጤቴ ግን 1.13 ሆነና ዋርኒንግ ገባሁ። ለቤተሰብ አልነገርኩም። ጓደኞቼ ስለ ግሬድ ማውራት ሲጀምሩ ሹልክ ብዬ እወጣለሁ። አዲሱ ሴሚስተር ከተጀመረ ወዲህም ክፍል የምገባው አልፎ አልፎ ነው፤ መምህሩ ኤፍ ያገኘው ልጅ ይሄ ነው የሚለኝ ስለሚመስለኝ እሳቀቃለሁ። እመረቃለሁ ወይ? ዲፓርትመንት ልቀይር? አንዳንዴ ጭራሽ ትቼው ብሄድስ እላለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ክፍል ግባ። ነገ ጠዋት። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን፣ ይሄ ግን ይደር አይባልም። ኮርስ መውደቅ የሚያደርሰው ጉዳት ልክ አለው፤ በቁጥር ሊቀመጥ ይችላል። ብዙ ተማሪ ከዩኒቨርሲቲ የሚወጣው በኤፉ ሳይሆን ከኤፉ በኋላ በሚመጣው መደበቅ ነው። ክፍል ይቀራል፣ የቀረበት ምዕራፍ ይከመራል፣ የተከመረው ያስፈራዋል፣ ስለፈራ እንደገና ይቀራል። አንተ አሁን እዚህ መሃል ነህ። ስለዚህ እኔን ካለፈው ሴሚስተር ሁለት ኤፎች ይልቅ ያስጨነቀኝ በዚህኛው ሴሚስተር የቀረህበት ክፍል ነው። ለመምህሩ አትሳቀቅ፤ ያን ሁሉ ተማሪ ፊቱ አስቀምጦ ማን ምን እንዳገኘ እያሰበ አያስተምርም። ቢያውቅህም ይጠቅምሃል እንጂ አይጎዳህም።

አሁን ወረቀትና እስክሪብቶ አንሳ። ጂፒኤ የሚሰላው የእያንዳንዱ ኮርስ ግሬድ በክሬዲቱ ተባዝቶ፣ ሁሉም ተደምሮ፣ ለጠቅላላው ክሬዲት ሲካፈል ነው። ከመጀመሪያ ዓመት 30 በ2.6፣ 78 ነጥብ አለህ። ካለፈው ሴሚስተር 9 በ2፣ 18 ነጥብ። ኤፎቹ ዜሮ ናቸው፣ 7 ክሬዲታቸው ግን ማካፈያው ውስጥ ይገባል። ድምሩ 96፣ ለ46 ሲካፈል 2.09። አጠቃላይ ውጤትህ ይሄ ነው። አንተ የደነገጥከው 1.13ን አይተህ ነው፤ እሱ የአንድ ሴሚስተር ብቻ ነው።

እንቀጥል። ሁለቱን ኮርሶች ደግመህ ቢ ብታመጣ 21 ነጥብ ይጨመርልሃል። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ የድሮውን ግሬድ በአዲሱ ይተካል፤ እንዲያ ከሆነ 117 ለ46 ተካፍሎ 2.54 ይሆናል። አንዳንዱ ደግሞ ሁለቱንም ይቆጥራል፤ ያኔ 117 ለ53 ይሆንና 2.21 ላይ ትቀራለህ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ያንተ ዩኒቨርሲቲ የትኛውን እንደሚከተል ከሬጅስትራር ጠይቅ፤ በሲኒየር ተማሪ ወሬ አትመራ፣ መመሪያውን በጽሑፍ እየው። እዚያው እያለህ አንድ ኮርስ ስንት ጊዜ መድገም እንደሚፈቀድ፣ ከዋርኒንግ ለመውጣት በዚህ ሴሚስተር ስንት ማምጣት እንዳለብህ፣ ስኮላርሺፕ ካለህም እሱን ላለማጣት ዝቅተኛው ውጤት ስንት እንደሆነ ጠይቅ። ግሬድ በሚተካበት ዩኒቨርሲቲ እንኳ የድሮው ኤፍ አብዛኛውን ጊዜ ትራንስክሪፕቱ ላይ ይቀራል። ይቅር። በሁለተኛው ዓመት ወድቆ ከዚያ በኋላ በየሴሚስተሩ ከፍ እያለ የሄደ ውጤት ለሚያየው ሰው ብዙ ይናገራል።

ከጂፒኤው ይልቅ አፋጣኝ ውሳኔ የሚፈልገው ካልኩለሱ ነው። የመጀመሪያውን ካልኩለስ ሳታልፍ ሁለተኛውን አትወስድም። ያንን ሳትወስድ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን አይፈቀድልህም፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ በእሱ ላይ የቆሙ የዲፓርትመንት ኮርሶች አሉ። ኮርሱ በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ አንድ ሴሚስተር ማሳለፍ ሙሉ ዓመት ያስቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ የምትደግመው የሚቀልህን ሳይሆን ሌሎቹን የቆለፈብህን ነው። በእረፍት ጊዜ የሚሰጥ ከሆነም ተመዝገብ። ከአድቫይዘርህ ጋር ቁጭ ብላችሁ እስከ ምረቃ የቀሩትን ሴሚስተሮች አንድ ወረቀት ላይ አስፍሯቸው፤ የትኛው ኮርስ መቼ እንደሚወሰድ፣ ምረቃህ ይዘገይ እንደሆነና በስንት እንደሚዘገይ ያኔ ይለይልሃል። አደራ፣ ላካክስ ብለህ ክሬዲት አትጫን። በ16 ክሬዲት የወደቀ ሰው በሚቀጥለው ሴሚስተር 20 ሲወስድ ሦስተኛና አራተኛ ኤፍ እየጠራ ነው።

ዲፓርትመንት ልቀይር ላልከው፣ መጀመሪያ ለምን እንደወደቅክ እወቅ። የፋይናል ወረቀትህን ማየት መብትህ ከሆነ መምህሩን ጠይቀህ እየው፣ ካልሆነም የሚዱን አውጣ። ከዚያ ነጥብ በተቀነሰብህ ጥያቄ ሁሉ አጠገብ ምክንያቱን ጻፍ፦ "አላውቀውም"፣ "አውቀው ነበር፣ ግን ተሳሳትኩ"፣ "ሰዓት አለቀብኝ"። ይሄንን ብዙ ተማሪ አያደርገውም፤ ወረቀቱን ማየት ስለሚያም እጥፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል። መልሱ ያለው ግን እዚያ ነው። ኢንተግራል ሲሰጠው ትክክለኛውን ዘዴ መርጦ፣ አንደኛውንና ሁለተኛውን መስመር በደንብ ሠርቶ፣ ሦስተኛው ላይ ክፍልፋይ ሲያቃልል ወይም የማይነስ ምልክት ጥሎ ሲወጣ የሚወድቅ ልጅ አለ። የዚህ ልጅ ችግር ካልኩለስ አይደለም፣ አልጀብራ ነው። የካልኩለሱን መጽሐፍ ደጋግሞ ከሚያነብ ሁለት ሳምንት አልጀብራ ቢሠራ ይሻለዋል። ወረቀቱ ላይ የበዛው "ሰዓት አለቀብኝ" ከሆነ ደግሞ የቆዩ ፈተናዎችን ሰዓት ይዘህ ሥራ። ምክንያቱ ወረቀቱ ላይ የማይታይም ይኖራል፤ ሕመም፣ ሐዘን፣ ከትምህርት ጎን የሚሠራ ሥራ፣ እንቅልፍ ማጣት። እነዚህን ለዩኒቨርሲቲው ከነማስረጃው በጊዜ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ይግባኝም ሆነ ልዩ ፈተና ቀነ ገደብ አለው። ዲፓርትመንት የመቀየሩን ነገር ግን ግሬድ በተለቀቀበት ሰሞን አትወስነው። ያለፍካቸውን ኮርሶች ጭምር እየጠላህ የተማርካቸው ከሆነ ያኔ እናስብበታለን።

ለቤተሰብ ንገራቸው። ቁጥሩንና እቅዱን አንድ ላይ ንገራቸው፦ "ሁለት ኮርስ ወድቄያለሁ፣ በዚህ ጊዜ እደግማቸዋለሁ፣ ምረቃዬ ይህን ያህል ሊዘገይ ይችላል" በላቸው። መቆጣታቸው አይቀርም። በምረቃው ሰሞን ከሌላ ሰው ቢሰሙት ግን ከዚህ የከፋ ነው።

የመጨረሻው ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። መከፋቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ምንም ነገር አለመፈለጉ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየብህ ወደ ዩኒቨርሲቲው ካውንስለር ወይም ወደ ሐኪም ሂድ። ባልኖር ይሻለኛል የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ደግሞ ሁለት ሳምንት አትጠብቅ፤ ዛሬውኑ ለምታምነው ሰው ንገር፣ ብቻህንም አትደር።

ጥያቄ፦ እኔን የጣለኝ ስታቲስቲክስ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ልጀምረው ነው። አላጠናሽም እንዳትሉኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ ነው የቸከልኩት። ሃንድአውቱን ከዳር እስከ ዳር አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ያላሰመርኩበት መስመር የለም። ፈተናው ላይ ስቀመጥ ግን ሁሉም ነገር ድርግም አለብኝ። ለትምህርት አልተፈጠርኩም ማለት ነው?

መልስ፦ በፍጹም፣ እህቴ። ልፋትሽን አምነናል፤ የለፋሽበት መንገድ ነው ያላዋጣው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገር እና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ከፋፍለው አንድ ጽሑፍ አስጠኗቸው። አንዱ ቡድን ጽሑፉን ልክ እንዳንቺ አራት ዙር አነበበ። ሌላው አንድ ዙር ብቻ አነበበና በቀሩት ሦስት ዙሮች ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፣ 83 በመቶ ለ71። ከሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ግን ያነበቡት የያዙት 40 በመቶውን ብቻ ነበር፣ አንዴ አንብበው ለማስታወስ የታገሉት 61 በመቶ። አንቺን የሸወደሽ ያ የአምስት ደቂቃው ስሜት ነው። ሃንድአውቱን ስትዘጊው የገባሽ ይመስልሻል፤ ዓይንሽ ለመደው እንጂ ሳታዪው ማውጣት አልቻልሽም።

ስለዚህ ከክፍል እንደወጣሽ ባዶ ወረቀት አውጥተሽ የተማርሽውን ሳታዪ ጻፊ፣ የጎደለውን ብቻ ተመልሰሽ አንብቢ። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ድገሚው፣ ከሳምንት በኋላም እንደዚያው። አምስት ሰዓት በአንድ ሌሊት ከመቸከል አንድ አንድ ሰዓት በአምስት ቀን ይሻላል። ደንሎስኪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 አሥር የአጠናን ዘዴዎችን ሲገመግሙ ከሁሉም በላይ ያስቀመጡት እነዚህን ሁለቱን ነበር፣ ራስን መፈተንንና ጥናትን በጊዜ መከፋፈልን። ደግሞ ማንበብና ማስመር ዝቅተኛ ጥቅም ካላቸው መካከል ተመድበዋል።

ስታቲስቲክስ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። የምዕራፉን ጥያቄዎች ስትሠሪ ርዕሱ ዘዴውን ይነግርሻል፤ ምዕራፉ ስለ ቲ ቴስት ከሆነ ጥያቄው ሁሉ በቲ ቴስት ይሠራል። ፈተና ላይ ግን ቲ ቴስት ይሁን ካይ ስኩዌር የምትመርጪው አንቺ ነሽ። ይሄን ምርጫ ተለማምደሽው አታውቂም። ከተለያዩ ምዕራፎች ጥያቄ እየቀላቀልሽ፣ ከመሥራትሽ በፊት የቱን ዘዴ ለምን እንደምትጠቀሚ በአንድ ዓረፍተ ነገር እየጻፍሽ ተለማመጂ። ሁለተኛ ዙር የሚወስዱ ልጆች መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ "ይሄንማ አውቀዋለሁ" ብለው ክፍል ይቀራሉ፤ እንዳታደርጊው።

ጥያቄ፦ ልጄ ሁለት ኮርስ መውደቋን ትናንት ነገረችኝ። ተናድጄ ጮህኩባት፤ ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሳም። ምን ልበላት?

መልስ፦ እናት ነዎት፣ መደንገጥዎ አይገርምም። ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ልጅዎ ራሷ ነግራዎታለች። ብዙ ልጆች ይሄን አያደርጉም። ስልክ ካላነሳች መልእክት ይላኩላት፦ "በመጮሄ አዝኛለሁ፣ ስለነገርሽኝ ደስ ብሎኛል፣ ሲመችሽ እናውራ።" ስታወሩ ስለ ጎረቤት ልጅ ወይም ስለ ወጪው አያንሱ። መቼ እንደምትደግማቸው፣ ምን እንደከበዳት፣ ትተኛ ይሆን፣ ትበላ ይሆን፣ እሱን ይጠይቋት። መልሱን ሰምተው ዝም ማለትም ይበቃል፤ በዚያው ስልክ ላይ መፍትሔ ማግኘት የለባችሁም። ጨርሶ ካልመለሰችልዎ አብራት የምትኖር ጓደኛዋን ጠይቀው ደህንነቷን ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ሚድ ከ30 9 አመጣሁ። ኮርሱን ድሮፕ ላድርግ ወይስ ልታገል?

መልስ፦ ማለፊያው 50 ከሆነ ከቀሩት 70 ነጥቦች 41 ያስፈልግሃል፣ ወደ 59 በመቶ ማለት ነው። በሚዱ ያመጣኸው 30 በመቶ ነው። ስለዚህ አሁን ያለህን አያያዝ በእጥፍ ማሳደግ አለብህ። ከ70ው ውስጥ ስንቱ ፕሮጀክትና የቤት ሥራ፣ ስንቱ ፋይናል እንደሆነ መምህሩን ጠይቀው፤ ሠርተህ በእጅህ የምታስገባው ከበዛ መታገሉ ያዋጣል። ሁሉም ፋይናል ላይ ከሆነና የሚዱ ምዕራፍ እስካሁን ካልገባህ፣ ድሮፕ ማድረጉን እመርጥልሃለሁ፤ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ድሮፕ የተደረገ ኮርስ ጂፒኤ ውስጥ አይገባም፣ ኤፍ ግን ይገባል። ከመፈረምህ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጥ፦ የቀረህ ክሬዲት ከሙሉ ጊዜ ተማሪ ዝቅተኛ ክሬዲት በታች እንዳይወርድ፣ ኮርሱም በሚቀጥለው ሴሚስተር እንደሚሰጥ። የድሮፕ ማድረጊያው የመጨረሻ ቀን አብዛኛውን ጊዜ ሚድ ካለቀ ብዙም ሳይቆይ ነው፤ ዛሬ ሬጅስትራር ሄደህ ቀኑን እይ።