ያልጠጣሁት አቦል

ባለፈው ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ለጥያቄና መልስ ጠርተውኝ ነበር። ጥያቄው በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ ካርቶን ውስጥ ይገባል። አንዱ እያወጣ ያነባል፣ እኛ ሽማግሌዎቹ እንመልሳለን። ስለ ጋብቻ ተጠየቀ፣ ስለ ዐሥራት ተጠየቀ። ጎረቤታችን ሁዳዴ እየጾመች እኛ ግቢው ውስጥ ሥጋ ብንጠብስ ነውር ነው ወይ የሚልም ነበር። ነውር ነው። በዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ከዚያ አንዲት ወረቀት ወጣች። «እናቴ ቡና ስታፈላ ዕጣን ታጨሳለች፣ ቄጠማ ትጎዘጉዛለች። ጌታን ከተቀበልኩ ወዲህ አብሬያት ልቀመጥ ወይስ ልተው?»

አብረውኝ የነበሩት ወንድሞች መለሱ። እኔ ዝም አልኩ። ቤቴ ገብቼም እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እና ያኔ ያልመለስኩትን አሁን ልጻፍላችሁ። ጸልዩ፣ መጽሐፍ ቅዱስ አንብቡ የሚለውን ግን አልደግመውም፤ ያንን ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ።

ሥራዬ ቡና ቅምሻ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቼበታለሁ። ለማታውቁት፣ ናሙናው ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ሲኒዎቹ ይደረደራሉ፣ የፈላ ውሃ ይፈስባቸዋል። ላዩ ላይ የሚሰፍረውን ዱቄት በማንኪያ እየሰበርክ ታሸተዋለህ። ከዚያ በማንኪያ በኃይል ስበህ ትቀምሰዋለህ፣ ትተፋለህ። በቀን ይህን ሁሉ ሲኒ እየቀመስኩ ኖሬ ዛሬም የሚቆጨኝ ያልቀመስኩት አንድ ሲኒ ነው።

1984 ዓ.ም. ነው። ደርግ ወድቆ ተዘግተው የነበሩ አጥቢያዎች ተከፍተዋል። ለዓመታት በየሰው ሳሎን በሹክሹክታ የተዘመረው መዝሙር በአደባባይ ይዘመር ጀመር። ያን ጊዜ ያላየ ሰው ደስታውን አይረዳውም። እኔ ጌታን ከተቀበልኩ ገና ስምንት ወር ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም። ለሥልጠና ወደ አዲስ አበባ ልሄድ ነው። አውቶቡሱ ንጋት 12 ሰዓት ይነሳል። ዋዜማውን ማታ እናቴ ቡና አቀራረበች።

ቤታችን ጅማ ከተማ፣ ሂርማታ አካባቢ ነበር፣ ከገበያው ብዙም ሳይርቅ። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት። ያን ቀን ቄጠማውን ራሷ ከአዌቱ ወንዝ ዳር ቆርጣ ነው ያመጣችው፤ ሥሩ ላይ ጭቃው ነበረበት። ረከቦቱን አጠበች። ቡናውን ቆላች፣ እንደ ልማዷ ጭሱን ወደ እያንዳንዳችን አዞረች። አጠገቧ የጅማዋ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ ጎረቤታችን ተቀምጠዋል። ሙስሊም ናቸው፣ የኦሮሞ እናት፣ አሳድገውኛል ማለት እችላለሁ። ከአንድ ጀበና ሲጠጡ እሳቸው «ቢስሚላህ» ይላሉ፣ እናቴ «በስመ አብ» ትላለች። ልጅ ሆኜ ሁለቱ ቃላት አንድ ጸሎት ይመስሉኝ ነበር።

እናቴ ማጨሻው ላይ ዕጣን ጨመረች። አቦሉን ቀዳች። የመጀመሪያውን ሲኒ ለእኔ ዘርግታ፣ «ወጥቶ መግባቱን ያሳምርልህ፣ የቤቴ አድባር ይከተልህ» አለች።

አድባር የምትለው ቃል ላይ ተነሳሁ። «ይሄ ባዕድ አምልኮ ነው፣ እኔ ከአጋንንት ጽዋ አልጠጣም» አልኩ። በዚህ ብቻ ቢቆም ጥሩ ነበር። ማጨሻውን አንስቼ በረንዳ ወጣሁና ፍሙን ከነዕጣኑ መሬት ላይ ደፋሁት። ስመለስ እናቴ ሲኒውን እንደያዘች ናት። እጇ አልወረደም። ቡናው ትንሽ ፈስሶ ጣቷን አቃጥሏታል መሰለኝ፣ ግን አላስቀመጠችውም።

ጎረቤታችን ናቸው የተናገሩት። አልተቆጡም። «ልጄ፣ እኔና እናትህ እዚህ ሃያ ሁለት ዓመት ኖረናል። እሷ የኔን ሥጋ አትበላም፣ እኔም የሷን አልበላም። ያለን ይቺ ናት» አሉና ጀበናውን አሳዩኝ። እኔ ገብቼ ተኛሁ። ጠዋት እናቴ እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ፣ ሻንጣዬንም ይዛልኛለች፣ ስለ ማታው አንዲት ቃል አልተናገረችም።

ከዚያ በኋላ ቤት በመጣሁ ቁጥር ሻይ ትሰጠኝ ነበር። ልብ በሉ፣ ጅማ ውስጥ፣ ለቡና ሠራተኛ ልጇ። ሻይ ቅጠሉን ለኔ ብላ ትገዛዋለች። ዕጣን አይጨስም፣ ቄጠማ የለም፣ ረከቦቱ መጋረጃ ጀርባ ገብቷል። ልክ ለእንግዳ እንደሚደረገው ሻይ በብርጭቆ፣ ብርጭቆው በሳህን። እኔም እምነቴን አከበረችልኝ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሆነ።

ስለ ሥጋው ያሉትን ቆይቼ ነው የተረዳሁት። እናንተ ታውቁታላችሁ፤ በዚህ ከተማ ድግስ ሲደገስ ሁለት በግ ይታረዳል፣ አንዱ በእስላም እጅ፣ አንዱ በክርስቲያን እጅ። ድስቱ ሁለት ነው፣ ጭልፋው ሁለት ነው። ማንም ቅር አይለውም፣ ግን መለየት ነው። ቡና ላይ ግን አንድ ጀበና ነው። ይህም ቢሆን ድሮ እንዲህ አልነበረም። ቡና የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ ለክርስቲያን ነውር የነበረበት ዘመን ነበር። አጼ ምኒልክ ራሳቸው ይጠጡ ስለነበር፣ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ ለማስወገድ ስለደከሙ ነው ከ1870ዎቹ ወዲህ ነገሩ እየላላ የመጣው። እንግዲህ የእናቴ ሴት አያቶች ነውር ይሉት የነበረውን ጽዋ እናቴ ከሙስሊም ጎረቤቷ ጋር ትጠጣዋለች። እኔ በአንድ ማታ ያንን ጽዋ መልሼ ነውር አደረግኩባቸው።

ስለ ቡና ከተነሳ፣ አባቴ በሕይወት እያለ የቡና በሽታው ገብቶ ፍሬውን እንጨት ላይ ሲያጠቁረው አይቻለሁ። ኋላ እዚሁ ጅማ ካለው ከመልኮ የእርሻ ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ወጡ፤ 74110፣ 74112 የሚባሉት። 74 የሚለው በፈረንጆቹ 1974 ስለተመረጡ ነው። አባቴ አልደረሰባቸውም። ይሄ ከጥያቄው ጋር አይገናኝም፣ ግን ስለ እናቴ ሳስብ እሱም ይመጣብኛል።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 10 ላይ የጻፈውን ደጋግማችሁ አንብቡት። የጋበዛችሁ ሰው ያቀረበውን ሳትመረምሩ ብሉ ይላል። ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው ብሎ የነገራችሁ ካለ ግን ስለዚያ ሰው ብላችሁ ተዉት ይላል። ስለዚህ እኔም ለዛር ወይም ለአቴቴ መንፈስ ተብሎ የተፈላ ቡና ዛሬም አልጠጣም። በዚህ አልደራደርም። ታዲያ እናቴስ አድባር አላለችም ወይ ትሉኛላችሁ። ብላለች። ዛፍ ማምለኳ ነበር? አይመስለኝም። ልጄን ሰላም ያግባልኝ ማለቷ ነበር፣ ያወረሷት ቃል ያ ስለሆነ። ግን ይህን የምለው ዛሬ ነው። ያኔ «እማዬ፣ አድባር ስትይ ምን ማለትሽ ነው?» ብዬ ብጠይቃት ትመልስልኝ ነበር። አልጠየቅኳትም።

አንድ ነገር ደግሞ ልናገር፣ አትቀየሙኝ። ብዙዎቻችሁ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ አይታችሁ ማታውኑ ቤተሰባችሁን ልትገሥጹ ትገባላችሁ። ይሄ ያስፈራኛል፣ ምክንያቱም እኔ ቪዲዮ ሳይኖር ያንኑ አድርጌዋለሁ። በሌላ በኩል እናንተ ትጠይቃላችሁ። በኛ ጊዜ መጠየቅ እምነት ማጣት ይመስለን ነበር። ያቺ ልጅ ማጨሻውን ሳትደፋ በፊት ወረቀት ላይ ጻፈችው፤ ከኔ በብዙ ትሻላለች።

እናቴ በ1995 ዓ.ም. አረፈች። ለቅሶ ላይ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ጎረቤታችን በእናቴ ጀበና ቡና አፈሉ። የመጀመሪያውን ሲኒ ለኔ ሰጡኝ፣ ምንም ሳይሉ። አቦሉንም፣ ቶናውንም፣ በረካውንም ጠጣሁ። ጨው ነበረበት። «የእናትህ አጠጣጥ ነው» አሉኝ። የሊሙን ቡና ከጅማው፣ የታጠበውን ካልታጠበው በአንድ ማንኪያ የምለይ ሰው፣ እናቴ ቡና በጨው እንደምትጠጣ ረስቼው ነበር።

ወረቀቷን የጻፍሽው ልጄ፣ እናትሽ በምንድን ነው የምትጠጣው? ቅዳሜ ስንገናኝ ንገሪኝ።