ሴሮቶኒን በሲምፓቴቲክ ጋንግሊያ ውስጥ፦ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ሴሮቶኒንን፣ ማለትም ነርቮች መልእክት ከሚያስተላልፉባቸው ኬሚካሎች አንዱን፣ የሚያውቁት ከአንጎልና ከስሜት ጋር ተያይዞ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ግን በአጥቢ እንስሳት ሲምፓቴቲክ ጋንግሊያ፣ ማለትም ከአከርካሪ አጥንት ጎንና በሆድ ውስጥ በሚገኙት የነርቭ ሕዋሳት አንጓዎች፣ ሴሮቶኒን የያዙ ክሮች እንዳሉ አንብቦ “ከአንጎል የወረዱ ናቸው?” ሲል ጠየቀኝ። ምን ልመልስለት?

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ከአንጎል የወረዱ አይደሉም። በአንጎል ግንድ ካሉት የራፌ ሕዋሳት የሚነሡ የሴሮቶኒን ክሮች ወደ ታች መውረዳቸው እውነት ነው፤ ሆኖም የሚያበቁት በኅብለ ሰረሰር ውስጥ፣ ወደ ጋንግሊያ ክር በሚልኩት ሕዋሳት ዙሪያ ነው። ለሆድ ጋንግሊያ በቅድሚያ የሚታሰበው ምንጭ አንጀት ነው፤ በግድግዳው ውስጥ ሴሮቶኒን የሚሠሩ ነርቮች አሉ፣ ከአንጀት ነርቮችም መካከል ክራቸውን መልሰው ወደ እነዚህ ጋንግሊያ የሚልኩ ይገኛሉ። በአይጥ የላይኛው የአንገት ጋንግሊዮን ደግሞ ሴሮቶኒን የያዙ ትናንሽ ሕዋሳት እዚያው በውስጡ አሉ።

ተማሪዎ በደንብ እንዲያጤነው የምመኘው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሴሮቶኒን በአንድ ክር ውስጥ መታየቱ ብቻ ክሩ የሴሮቶኒን ነርቭ መሆኑን አያረጋግጥም። በ1960ዎቹ የተስፋፋው ዘዴ የደረቀውን ሕብረ ሕዋስ በፎርማልዲሃይድ እንፋሎት አጥኖ በማይክሮስኮፕ መመልከት ነበር፤ ኖርአድሬናሊን የተባለው ሌላ የነርቭ መልእክት አስተላላፊ አረንጓዴ፣ ሴሮቶኒን ቢጫ ሆኖ ያበራል፤ ቢጫው ግን በመብራቱ ሥር ቶሎ ይደበዝዛል። ኋላ የመጡት፣ ሴሮቶኒን ላይ የሚጣበቁ ፀረ እንግዳ አካላት ሴሮቶኒንን አጥርተው ቢያሳዩም አንድ ችግር አልፈቱም፤ የኖርአድሬናሊን ክሮች ከፕላትሌት (ደም ከሚያረጉት የደም ክፍሎች) ወይም ከማስት ሴል (ከአንድ ዓይነት የመከላከያ ሕዋስ) የወጣውን ሴሮቶኒን ከአካባቢያቸው ስበው ማከማቸት ይችላሉ። ስለዚህ ትሪፕቶፋን ሃይድሮክሲሌዝ የተባለው፣ ሴሮቶኒንን ለመሥራት የግድ የሚያስፈልገው ኤንዛይም በዚያው ነርቭ ውስጥ መኖሩን ማጣራት ያሻል። ምንጩን ለመለየት ደግሞ ወደ ጋንግሊዮኑ የሚገቡት ነርቮች በየተራ ይቆረጣሉ፤ ከሕዋሱ የተለየው የክር ክፍል በቀናት ውስጥ ስለሚሞት፣ የትኛው ነርቭ ሲቆረጥ ሴሮቶኒኑ እንደጠፋ ይታያል።

ስለ ሴሮቶኒን ክሮቹ ሥራ ጥሩ ማስረጃ የተገኘው በጊኒ ፒግ ሲሊያክ ጋንግሊዮን፣ ከሆድ ጋንግሊያ በአንዱ፣ ሲሆን ጥናቱ በ1984 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ነርቩ በተደጋጋሚ ሲነቃቃ በአንዳንድ ሕዋሳት ላይ ዘገምተኛ የኤሌክትሪክ ለውጥ ተመዝግቧል፤ በጋንግሊያ ውስጥ ዋናው መልእክት አስተላላፊ አሴቲልኮሊን የሚያስከትለው ለውጥ በሚሊሰከንዶች ሲያልፍ፣ ይኸኛው ግን እጅግ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ሴሮቶኒን በቀጥታ ሲጨመር ተመሳሳይ ለውጥ ታይቷል፤ የሴሮቶኒንን ሥራ የሚያግደው ሳይፕሮሄፕታዲን የተባለው መድኃኒትም አግዶታል።