ተራራ ላይ የሚደክም ስኖውሞቢል፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ የበረዶ ወቅት ስለ ስኖውሞቢል፣ ከፊት በስኪ ከኋላ ትራክ በሚባል ሰፊ የጎማ ሰንሰለት በበረዶ ላይ ስለሚሄደው ማሽን፣ ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ከተደለደለ መንገድ ወጥተው በጥልቅ በረዶ ለሚነዱ አንባቢያን የሚጠቅሙትን አምስቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ያገለገለ የ2018 ስኪ-ዱ ሰሚት 850 ከሚኒሶታ ገዛሁ፤ ትራኩ 165 ኢንች ነው። እዚያ ስሞክረው እንደ ጥይት ይወረወር ነበር። እዚህ ኮሎራዶ፣ ራቢት ኢርስ ፓስ የሚባለው የተራራ ማለፊያ ላይ ግን ቤንዚኑን እስከ መጨረሻው ብሰጠውም ሞተሩ በደቂቃ ከ7,400 ዙር አያልፍም፤ መመሪያው 7,900 ይላል። ሞተሩ ደክሟል ማለት ነው? *(ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ)*

መልስ፦ ሞተሩን ለማስፈታት አይቸኩሉ። ራቢት ኢርስ 2,873 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ የሚኒሶታ አብዛኛው ክፍል 500 ሜትር እንኳ አይሞላም። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ማሽንዎ እዚያ ሲደርስ ሚኒሶታ ከነበረው ጉልበት ሩብ ያህሉ የለም። ይህን ማንም አይመልሰውም። ችግሩ ከዚያ በላይ ማጣትዎ ነው።

ኮምፒውተሩ አየሩ ሲሳሳ ነዳጁን ይቀንሳል፤ ጉልበቱን በቺንጊያ ወደ ትራኩ የሚያስተላልፉትን ሁለት ፑሌጃዎች ግን አይነካም። በሞተሩ በኩል ባለው ፑሌጃ ውስጥ ትናንሽ ክብደቶች አሉ። ፑሌጃው ሲሽከረከር ወደ ውጭ እየተወረወሩ ሁለቱን ሳህኖች ያቀራርባሉ፤ ሞላው ደግሞ ይቃወማቸዋል። ሳህኖቹ በተቀራረቡ ቁጥር ቺንጊያው ወደ ላይ ይወጣና ማሽኑ ወደ ከባድ ማርሽ እንደገባ ይሆናል። ለዝቅተኛ ቦታ የተመረጠው ክብደት ለደከመው ሞተር ይበዛበታል፤ ሞተሩ ጉልበቱ ያለበት ዙር ላይ ሳይደርስ ይታነቃል። 500 ዙር የጎደለብዎት በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ሆኖም ክብደት ከመቀየርዎ በፊት ቺንጊያውን አውጥተው ይዩት። ጎኑ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ከሆነ፣ አንድ ቦታ ላይ ጠቦ ከታየ ወይም ስፋቱ መመሪያው ከሚፈቅደው ካነሰ ይቀይሩት። በተበላ ቺንጊያ የሚደረግ ልኬት ሁሉ ያሳስታል። የፑሌጃዎቹን ፊት ስኮች ብራይት በሚባለው ሻካራ መፈግፈጊያ ፈግፍገው በፍሬን ማጽጃ ያጥቡ፤ ጥቁሩ ዱቄት የተቃጠለ ጎማ ነው። አዲስ ቺንጊያ ካስገቡ የመጀመሪያዎቹን 50 ኪሎ ሜትሮች ያለ ሙሉ ቤንዚን ይንዱ።

ከዚያ ወደ ልኬቱ። የሚለኩት ሊነዱበት ባሰቡት ከፍታና ባልተነካ በረዶ ላይ ነው። ደረቅ መንገድ ላይ 7,900 የሚያሳይ ማሽን ወገብ የሚደርስ በረዶ ውስጥ ሲገባ ዙሩ ይወርዳልና የመንገዱ ቁጥር አይጠቅምዎትም። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ቀለል ያለ አቀበት ላይ ለጥቂት ሰከንድ ሙሉ ቤንዚን ይስጡና ዙሩን ያንብቡ። ሦስት ጊዜ ይድገሙት። ከፍታውን፣ የአየሩን ሙቀትና የበረዶውን ዓይነት ከቁጥሩ ጋር ይጻፉ። ቀጥሎ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩና እዚያው አቀበት ላይ፣ ካልተነዳበት ጎን ይድገሙ። ክብደትና ሞላ በአንድ ቀን አብሮ የቀየረ ሰው የትኛው እንደሠራ አያውቅም።

በእርስዎ ማሽን ፑሌጃ ላይ ቁጥር የተጻፈባቸው ሦስት ማስተካከያዎች አሉ። ሦስቱም ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ላይ መሆን አለባቸው፤ አለበለዚያ ፑሌጃው ይንቀጠቀጣል። ቁጥሩ ሲጨምር ዙሩም ይጨምራል፤ በአንድ እርምጃ ከ100 እስከ 200 ዙር ገደማ ይጠብቁ። ማስተካከያው ለ500 ዙር ካልበቃ ክብደቱን መቀነስ ነው። በግምት አንድ ግራም ሲቀነስ ዙሩ በ100 ያህል ይወጣል። መነሻውን አምራቹ ለከፍታ ካወጣው ሰንጠረዥ ይውሰዱ፤ ሦስቱንም ክብደቶች በሚዛን እኩል ያድርጉ።

ዙሩ ሲጀምር ትክክል ሆኖ እየሞቀ ሲሄድ ብቻ የሚቀያየር ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ቺንጊያው እየተንሸራተተ ይሆናል። ሞተሩን አጥፍተው ሁለቱን ፑሌጃዎች በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ይለኩ። ከ90 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ የቺንጊያው ዕድሜ በፍጥነት ያጥራል።

ጥያቄ፦ በካስኬድስ ተራሮች እርጥብ በረዶ ላይ ስነሳ አፍንጫው ይነሳና ትራኩ ጉድጓድ ይቆፍራል። አካፋ ከእጄ አይወጣም። *(ከሲያትል)*

መልስ፦ መጀመሪያ ቁመናውን ይለኩ። የኋላውን መያዣ ይዘው ማሽኑን እስኪዘረጋ ድረስ ያንሱና ከመሬት እስከ መያዣው ይለኩ። ቀጥሎ ሙሉ ልብስዎን ለብሰው፣ ቦርሳዎን አዝለው ይቀመጡና ሌላ ሰው በድጋሚ ይለካልዎት። ልዩነቱ ከ5 እስከ 7.5 ሴንቲሜትር ቢሆን ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ በላይ ከሰመጠ የኋላው ሞላ ላልቷል፤ ጭራው ስለሚቀመጥ አፍንጫው መነሳቱ አይቀርም። ሞላውን ያጥብቁ።

ይህ ካልበቃ ሊሚተር ወደሚባለው፣ የትራኩን የፊት ክንድ ወደ ያዘው አጭር ቀበቶ ይሂዱ። በአንድ ቀዳዳ ሲያሳጥሩት ክብደቱ ወደ ስኪዎቹ ይመጣል፤ አፍንጫውም ዝቅ ይላል። ከአንድ ቀዳዳ በላይ በአንድ ጊዜ አያሳጥሩ። ሲበዛ ስኪዎቹ በረዶውን እንደ ማረሻ ይገፋሉ፤ መሪው ይከብዳል፤ በጎን ዳገት ላይ ማሽኑን ማጋደል ያስቸግራል። ያኔ አንድ ቀዳዳ ይመልሱ።

ግማሹ መፍትሔ ግን ቤንዚን በሚሰጡበት አውራ ጣትዎ ላይ ነው። ረጅም መቅዘፊያ ያለው ትራክ ሲነሳ ሙሉ ቤንዚን ከተሰጠው በረዶውን ወደ ኋላ ይወረውረዋል እንጂ አይወጣበትም። ከማሽኑ ፊት ያለውን በረዶ ሦስት ሜትር ያህል በእግርዎ ይርገጡት፤ ከተቻለ አፍንጫውን ወደ ቁልቁለት ያዙሩና ትራኩ ቀስ ብሎ እንዲነክስ ያድርጉ። ትራኩ መሽከርከር ጀምሮ ማሽኑ ካልተንቀሳቀሰ ወዲያው ይልቀቁ። እያንዳንዱ ተጨማሪ ሰከንድ ጉድጓዱን ያጠልቀዋል።

ጥያቄ፦ ኮሎራዶ ውስጥ ርካሹ ቤንዚን 85 ኦክቴን ነው። መኪናዬ ይጠጣዋል፤ ስኖውሞቢሉስ? *(ከዴንቨር)*

መልስ፦ መመሪያው 91 ካለ 91 ይቅዱ። 85 በተራራማ ግዛቶች የቆየው በድሮ ካርቡራተር ሞተሮች ዘመን ነው፤ በሳሳ አየር በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚቀንስ እነዚያ ሞተሮች ይችሉት ነበር። የዛሬ ባለሁለት ምት ሞተር ብዙ ያምቃል፤ ቱርቦ ያለው ደግሞ ከፍታ የቀነሰውን ግፊት ይመልሰዋል። ኦክቴን ሲያንስ ነዳጁ ያለ ጊዜው ይፈነዳና የፒስተኑን አናት ይበላል። ሄልሜት ለብሰው ደግሞ ድምፁን አይሰሙትም። በስህተት ከቀዱ ሙሉ ቤንዚን ሳይሰጡ ይንዱና በተቻለ ፍጥነት 91 ይጨምሩበት።

ጥያቄ፦ ጥልቅ በረዶ ላይ ደህና ነው፤ በጠነከረ መንገድ ስመለስ ግን የሙቀት መብራቱ ይበራል። *(ከሶልት ሌክ ሲቲ)*

መልስ፦ የተራራ ስኖውሞቢል ራዲያተር ከመቀመጫው ሥር፣ ከትራኩ በላይ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም ትራኩ በሚወረውረው በረዶ ነው። ጠንካራ መንገድ ላይ የሚወረወር ነገር የለም። በረዶ የሚቧጭሩትን የሽቦ መፋቂያዎች ያውርዱ፤ ወደ ኋላ ሲነዱ የሚሰበር ዓይነት ከሆኑ አስቀድመው ያንሷቸው። በየተወሰነ ርቀት ወደ ዳር ወጥተው ለስላሳ በረዶ ውስጥ ይንዱ። የሚቃጠል ፕላስቲክ ከሸተተዎት ትራኩ የሚንሸራተትባቸው ፕላስቲኮች እየቀለጡ ነው፤ እነሱም የሚለሰልሱት በበረዶ ብቻ ነውና ወዲያው ይቁሙ።

ጥያቄ፦ ለሙከራ ምን ዓይነት ቦታ ልምረጥ? *(ከአውሮራ)*

መልስ፦ ከ30 ዲግሪ በታች የሆነና ከበላዩ ገደላማ ተዳፋት የሌለበትን። አብዛኛው የበረዶ ናዳ የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ዳገት ላይ ነው፤ ከሥሩ የሚነዳ ሰውም ሊቀሰቅሰው ይችላል። ጠዋት ከቤት ሳይወጡ የኮሎራዶ አቫላንች መረጃ ማዕከልን የዕለቱን ትንበያ ያንብቡ። ራቢት ኢርስ ላይ ምዕራባዊው ክፍል ለሞተር የተከለከለ ስለሆነ ወደ ምሥራቁ ይሂዱ። ዳገቱ ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ይውጣ፤ ሌላው ከዳር ሆኖ ይመልከት። ናዳ ቢቀብርዎት ያሉበትን የሚጠቁም ምልክት የሚያስተላልፈውን መሣሪያ ከሰውነትዎ ጋር ይሰሩ፤ ስልክዎን ከእሱ ያርቁ፣ ፍለጋ ላይ ሲሆኑ ቢያንስ 50 ሴንቲሜትር። አካፋውና መፈለጊያ ዘንጉ በጀርባዎ ይሁኑ። ማሽኑ ላይ ካሰሯቸው ናዳው ማሽኑን ሲወስድ አብረው ይሄዳሉ፤ ጓደኛዎን የሚቆፍሩበት አይኖርዎትም።