የሔሽቫን ካርድ «ሞት» ነው ተባልኩ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ታሮት በሚባሉ ባለሥዕል ካርዶች ዕጣ የምታነብ የሥራ ባልደረባ አለችኝ። ለእያንዳንዱ የዕብራውያን ወር አንድ ካርድ ትሰጣለች። የኛ የቤተ እስራኤል በዓል ስግድ የሚውልበት የሔሽቫን ወር ካርድ «ሞት» ነው አለችኝ። ሥዕሉን ካሳየችኝ ጀምሮ ልቤን ከበደኝ። እውነት ወራችን እንዲህ ነው?
ከሐይፋ

መልስ፦ ልጄ፣ ካርዱን አውቀዋለሁ። አጽም ነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ጥቁር ባንዲራ ይዟል። ከፊቱ ሕፃን ልጅ ተንበርክኳል። መደንገጥሽ አይገርመኝም። ግን ይህ ሥዕል የወጣው በፈረንጆቹ 1909 ለንደን ውስጥ ነው። ስግድን አያውቀውም።

ነገሩ ግማሹ የኛ ነው። ሴፈር የጺራ የሚባለው ጥንታዊ የአይሁድ መጽሐፍ አሥራ ሁለት ፊደላትን ለአሥራ ሁለቱ ወራት ያከፋፍላል። ለሔሽቫን የደረሰው ኑን ነው። ካርድ ግን እዚያ የለም። ታሮት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ጣልያን ውስጥ የተጀመረ የመጫወቻ ካርድ ነው። 22ቱን ባለሥዕል ካርዶች ከ22ቱ ፊደላት ጋር ያገናኟቸው ፈረንሳዮች ናቸው፤ ያውም በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ።

ደግሞ እርስ በርስ አልተስማሙም። ይሄን ልብ በይልኝ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ፈረንሳዊ የአስማት ጸሐፊ ኤሊፋስ ሌቪ የመጀመሪያውን ፊደል፣ አሌፍን፣ ለቁጥር 1 ካርድ ሰጠ። ኑን 14ኛ ፊደል ነው፤ ስለዚህ 14ኛው ካርድ ደረሰው። በ1888 ለንደን ላይ የተቋቋመው ጎልደን ዶውን የተባለ የአስማት ማኅበር ግን ዜሮ ቁጥሩን «ሞኙን» ከፊት አስቀደመ። አብዛኞቹ ፊደላት አንድ አንድ ተገፉ። ኑንም 13ኛው ላይ፣ «ሞት» ላይ አረፈ። ባልደረባሽ የያዘችው ይሄንን ነው። በሌቪ ቆጠራ ቢሆን የሚደርሰን ከዕቃ ወደ ዕቃ ውሃ የሚያንቆረቁር መልአክ ነበር። እስራኤል ውስጥ የዝናብ ጸሎት የሚጀመረው ደግሞ ሔሽቫን በገባ በ7ኛው ቀን ነው!

ኦሪት ዘዳግም 18 ጥንቆላን እንደሚከለክል ታውቂያለሽ፤ አልደግምልሽም። የጠየቅሽኝ ስለ ወሩ ነው።

ሔሽቫንን በዓል የለውም ብለው «መራራ» ይሉታል። እኛ ግን በ29ኛው ቀን፣ ከዮም ኪፑር (ከስርየት ቀን) በ50ኛው ቀን፣ ስግድ አለን። ልጅ ሆኜ እናቴ ድንጋይ ተሸክማ ተራራውን ስትወጣ አይቻለሁ። ቄሶቹ ኦሪቱን በግዕዝ ያነባሉ፣ እሷ ጾመኛ ነች። ከሰዓት ስትወርድ ከነጠላዋ ጫፍ ዳቦ ፈትታ ትሰጠኝ ነበር። ያ ዳቦ እስካሁን ይሸተኛል።

ዘንድሮ ኢየሩሳሌም ስትመጪ ባልደረባሽንም ይዘሻት ነይ። ዳቦውን እኔ እጋግራለሁ።