ለአዲሱ የገንዳ ፓምፕ ብሬከሩን ብቻ መቀየር ይበቃል?

ጥያቄ፦ በቢሾፍቱ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። 60 ሜትር ኩብ የሚይዘውን የመዋኛ ገንዳ ውኃ ያጣራ የነበረው የ0.75 ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ስለተቃጠለ በባለ 2 ፈረስ ጉልበት ተክቼዋለሁ። አዲሱ ግን ገና ሲነሳ ብሬከሩ ይወድቃል። ከማከፋፈያ ሳጥኑ እስከ ፓምፑ 40 ሜትር ያህል ነው፤ ሽቦው ባለ 2.5፣ ብሬከሩ ላይ የተጻፈው ደግሞ ቢ16 ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ባለ 32 አምፔር እናስገባ ይለኛል። ልስማማ?

መልስ፦ አይስማሙ። ብሬከር በመጀመሪያ ደረጃ የሚጠብቀው ፓምፑን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ በቱቦ ውስጥ ሲያልፍ በደህና የሚሸከመው ከ20 አምፔር ብዙም አይበልጥም። የፓምፑ ኩሽኔታ ተበላሽቶ ሞተሩ ለሰዓታት 30 አምፔር ቢስብ፣ ባለ 32ቱ ብሬከር ምንም እንዳልተፈጠረ ዝም ይላል፤ የሽቦው ልባስ ግን ማንም ሳያየው ይቀልጣል።

የእርስዎ ፓምፕ በ220 ቮልት ሲሠራ የሚስበው 11 አምፔር ገደማ ስለሆነ ለመደበኛ ሥራው 16 አምፔር አላነሰውም። ብሬከሩን የሚጥለው የመነሻው ከረንት ነው፤ እንዲህ ያለ ሞተር ሲነሳ ለአፍታ ከመደበኛው ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ ይስባል። ቢ የተባለው ዓይነት ከተጻፈበት አምፔር ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ሲያልፍበት ወዲያው የሚቆርጥ ሲሆን፣ ሲ የተባለው ግን ከአምስት እስከ አሥር እጥፍ ድረስ ስለሚታገሥ ለሞተር የሚስማማው እሱ ነው።

ብሬከሩን ወደ ሲ16 ቢለውጡት ፓምፑ ይነሳ ይሆናል፤ ነገር ግን 40 ሜትር ርዝመት ባለው ባለ 2.5 ሽቦ ላይ በመነሻው ቅጽበት ወደ 35 ቮልት ስለሚጠፋ፣ በተለይ ምሽት ላይ ኃይል በሚደክምበት ሰፈር ሞተሩ እያቃሰተ መነሳቱ አይቀርም። ስለዚህ ባለ 6 ሽቦ ቢዘረጉ ይሻላል፤ ኪሳራው ከግማሽ በታች ይወርዳል። ሽቦው በቱቦ ውስጥ ይቀበር፤ ፓምፑ አጠገብም በሞተሩ የስም ሰሌዳ ላይ በተጻፈው አምፔር የሚስተካከል የሞተር መከላከያ ይግጠሙለት።

ያልጠየቁኝ፣ ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ውኃ ውስጥ ያለ ሰው በጥቂት ከረንት ሊሞት ስለሚችል፣ ወደ መሬት የሚያፈስ ኤሌክትሪክ ሲኖር ወዲያው የሚቆርጥ ባለ 30 ሚሊአምፔር አርሲዲ በመስመሩ ላይ መኖር አለበት። የመሬት ሽቦውም እስከ ፓምፑ አካል ይድረስ፤ መሰላሉና በገንዳው ዙሪያ ያለው ብረት ሁሉ ከእርሱ ጋር በመዳብ ይያያዝ። ለዚህ ወጪ አይሳሱ።

በመጨረሻም የፓምፑን መጠን እጠራጠራለሁ። በሰዓት 12 ሜትር ኩብ የሚገፋ ፓምፕ የእርስዎን ገንዳ ውኃ በአምስት ሰዓት አንድ ጊዜ ያዞረዋል፤ ለዚህም አብዛኛውን ጊዜ 1 ፈረስ ጉልበት ይበቃል። የአሸዋ ማጣሪያው የተመረጠው ለቀድሞው ፓምፕ ከሆነ ደግሞ የአሁኑ ጉልበት ሊበዛበት ይችላል። ሻጩ የሚቀይርልዎ ከሆነ ሽቦ ከመግዛትዎ በፊት ያነጋግሩት።